ዘግይታ የምትስቀው ሴት

ማክሰኞ፣ መጋቢት 6

መጀመሪያ ዐሚ ኢድሪስ የሚስቁ መሰለኝ። ደግሞም እየሳቁ ነበር። ሳቁ የት ላይ አልቆ መታነቁ የት ላይ እንደ ጀመረ፣ አራት ዓመት ነርስነት የተማርኩት እኔ፣ አልለየሁም። ከንፈራቸው ሲጠቁር ነው ማንኪያውን የወረወርኩት።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ሁሉ ትክክል ነው። ወደ ፊት አጎነበስኳቸው፣ ጀርባቸውን መታሁ፣ አፋቸውን ጠረግሁ፣ ዘበኛው መኪና እንዲያስነሳ ጮህኩ። ሆስፒታል ስንደርስ ይተነፍሱ ነበር። ግን ደረታቸው ውስጥ ድስት የሚንተከተክ ይመስላል። ሾርባው ሳንባቸው ገብቷል።

አሁን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ኮሪደር ላይ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። 

ዐሚ ኢድሪስ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ዐሚ የምላቸው እንደ አጎት ነው፣ እዚህ ካርቱም ሁሉም ሽማግሌን እንዲህ ይላል። ጡረታ እስኪወጡ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። አምና ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን መታው፣ ጉሮሯቸውንም አዳከመው። እኔ ከዴም ሰፈር በሐፍላ፣ በትንሿ አውቶቡስ፣ እየተመላለስኩ አል-ማንሺያ ቤታቸው ቀን ቀን እጠብቃቸዋለሁ። ልጃቸው መዳም ሱዓድ ስትቀጥረኝ "ነርስ" አለችኝ። ለጓደኞቿ ስትነግር "ሸጋላ" ትለኛለች፣ የቤት ሠራተኛ። ይሁን። ዛሬ ይህን ማንሳቴ ራሴን ለማጽናናት ነው።

የሆነውን ለማንም አልተናገርኩም። እዚህ ልጻፈው።

ምሳቸውን እያበላሁ የድሮ የሬዲዮ ቀልድ ከፍቼ ነበር። በምግብ ሰዓት ሬዲዮ አይከፈትም። ፍሪጁ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ይላል፦ ቀጥ ብሎ መቀመጥ። አገጭ ወደ ታች። ትንሽ ማንኪያ። ወሬ የለም፣ ቴሌቪዥን የለም፣ ሬዲዮ የለም። ከበሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት አለመተኛት።

ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 7

ኦክስጅን ላይ ናቸው። ትኩሳቱ ሠላሳ ዘጠኝ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ከኔ ብዙ አይበልጥም። "ምን እየበሉ ነበር?" አለኝ።

"ሾርባ።"

"ወፍራም ነበር?"

"ነበር።"

ሁለቱም እውነት ነው። ሦስተኛ ጥያቄ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጨመርኩለትም። መዳም ሱዓድ አጠገቡ ቆማ ስልኳን በሁለት እጇ ጨብጣ ነበር። ከሐኪሙ ይልቅ እኔን ነበር የምታየው።

ቀልዶቹን እንዴት እንደ ጀመርናቸው ልጻፍ፤ ያን ካልጻፍኩ ጥፋቴ ሰነፍ ሠራተኛ ያጠፋችው ይመስላል። አይደለም። ከዚያ ይብሳል።

ዐሚ ኢድሪስ በወጣትነታቸው በየሳምንቱ ሬዲዮናቸው ፊት ቁጭ ብለው ቀልዶችን በካሴት ይቀዱ ነበር። ካሴቶቹን ወንዱ ልጃቸው ወደ ፍላሽ አስገልብጦላቸዋል። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ሰውዬው ከግድግዳ ጋር ነበር የሚያወሩት፤ ማለቴ አያወሩም ነበር። አንድ ከሰዓት ፍላሹን ትንሿ ድምፅ ማጉያ ላይ ሰካሁት። ግራ እጃቸው ተነሣ። ዝም በይ ማለታቸው ነበር።

እኔ የድሮ ቀልድ ንቄ ነው ያደግሁት። የሚንጫጫ ድምፅ፣ በእንጨት የሚንኳኳ የውሸት በር፣ የሚጮህ ባል፣ የምትጮህ ሚስት። ሁለተኛው ላይ ፈገግ አልኩ። አራተኛው ላይ መሬት ላይ ተቀምጬ ሆዴን ይዤ ነበር። ሰዎቹ አይቸኩሉም። ዛሬ በስልክ የሚመጣው ቀልድ ገና ሳትገቢ ያልቃል። እነዚህ ግን በሩ እስኪከፈት ያስጠብቁሻል። ሰውዬው ኮቱን እስኪሰቅል ትጠብቂያለሽ። ኮቱ ይወድቃል። አይታይም፤ ትሰሚዋለሽ።

ቀልዱ የተቀዳው ተመልካች ባለበት አዳራሽ ነው። ተመልካቹ መሐል አንዲት ሴት አለች። ሁሉም ስቆ ጨርሶ፣ ተዋናዩ ሊቀጥል አፉን ሲከፍት፣ እሷ ብቻዋን ትጀምራለች። ገና አሁን የገባት ይመስላል። አጭር፣ ቀጭን፣ የሚያፏጭ ሳቅ። እኔና ዐሚ ከቀልዱ በላይ እሷን ነበር የምንጠብቀው። ስም አወጣንላት፤ "ሐጃ ቆይታ"። ግማሹ ዐረብኛ፣ ግማሹ አማርኛ። እሳቸው "ቆይታ" የምትለዋን ቃል ለማለት ሦስት ቀን ተለማመዱ። ከስትሮኩ ወዲህ አዲስ ቃል ሲይዙ የመጀመሪያቸው ነበር።

እኔም በተራዬ የኛን አመጣሁላቸው፤ በጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ዘመን ለበዓል የተሠሩ አጫጭር ጭውውቶች፣ ስልኬ ላይ። ልተረጉምላቸው ስጀምር "ተዪው፣ ፊቱ ይበቃኛል" አሉኝ። አማርኛ አያውቁም። የሚስቁት ግን ልክ በሰዓቱ ነበር።

ሐሙስ፣ መጋቢት 8

እትዬ አልጋነሽን ከኩሽና አስወጥተዋታል።

እትዬ አልጋነሽ የቤቱ ወጥ ቤት ናት። ጎንደሬ ናት፣ ካርቱም ሃያ ሁለት ዓመቷ። እኔ እዚህ የተወለድኩ ነኝ፤ አማርኛዬን የምታርምልኝ እሷ ናት። እንደ እናት ናት፤ አንቱ ስላት ትቆጣለች። "አንቱ የምትዪኝ ደመወዝ እከፍልሻለሁ እንዴ?" ትላለች።

ትናንት መዳም የተረፈውን ሾርባ ከፍሪጅ አውጥታ በማንኪያ ስትፈትሽ የሥጋ ክር አገኘች። አንድ ክር። ጣቷ ላይ አድርጋ ለዘበኛው ሁሉ አሳየች። ከዚያ ጠየቀቻት፦ "ቀምሰሽዋል?"

እትዬ አልጋነሽ አልቀመሰችም። ሁዳዴ ነው። የሥጋ ሾርባ እያሸተተች ትሠራለች፣ ጨዉን በእጇ ትመጥናለች፣ ማጠንፈፊያ ውስጥ በማንኪያ ጀርባ ትፈጨዋለች፤ ምላሷ ላይ ግን አታደርገውም። ሃያ ሁለት ሁዳዴ እንዲህ አልፏል። ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፣ መዳም ሱዓድም ታውቃለች፤ እንግዳ ሲመጣ "የኔ ሐበሻ ሳትቀምስ ነው የምታጣፍጠው" እያለች ስትኮራባት ሰምቻለሁ። አሁን ያው ኩራት ክስ ሆነ። "አባቴ አንድ ነገር ከሆነ ፖሊስ ጋ ነው የምንገናኘው" ብላታለች።

እትዬ አልጋነሽ ከሰዓት በኋላ ዴም ወዳለው ክፍሌ መጣች። ጫማዋን አላወለቀችም። በር ላይ ቆማ፣

"ጥርሴ ላይ ሳላደርገው ለሰው ጉሮሮ ላክሁት" አለች።

"ክሩ አይደለም" አልኳት።

"ታዲያ ምንድነው?"

"የታመመ ጉሮሮ ነው። በራሱም ሊሆን ይችላል።"

"አንቺ ልጅ፣ አታባብዪኝ። ለነፍሴ ብዬ የሰው ነፍስ ረሳሁ።"

ክሩ አይደለም። አውቃለሁ። አፋቸው ውስጥ የነበረውን እኔ ነኝ በጣቴ ያወጣሁት፤ እንደ ገንፎ ልስልስ ነበር። ይህን ልናገር አፌን ከፈትኩ። የወጣው "ቁጭ በይ፣ ሎሚ ልጭመቅልሽ" ነው።

ሎሚውን እየጨመቅሁ ሌላ ሰው ትዝ አለኝ።

የዛሬ ሁለት ዓመት እሠራበት በነበረው ክሊኒክ ውስጥ የሕመም ማስታገሻ መርፌ ጠፋ። ቦርሳዬን ሰው ፊት ገለበጡት። አልተገኘም፤ ግን ሐበሻዋ እኔ ነበርኩ፣ አባረሩኝ። በኋላ ሌላ ሰው መውሰዱ ታወቀ። ይቅርታ ያለኝ የለም። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ልጅ ከመጀመሪያው ታውቅ ኖሯል። የተባረርኩ ቀን በር ድረስ ሸኝታኝ የጉዋቫ ጭማቂ ገዛችልኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያቺን ልጅ ስረግማት ኖሬአለሁ።

እትዬ አልጋነሽ ሎሚውን ጠጥታ መረቀችኝ።

ዓርብ፣ መጋቢት 9

ትኩሳቱ አልወረደም። ሌሊቱን ያደሩት ወንዱ ልጃቸውና ሚስቱ ናቸው፣ ከጀብራ መጥተው። ቀኑ የኔ ነው። መዳም ሱዓድ ወንድሟን "እሷ ትቀመጥ፣ ሥራዋን ታውቃለች" ስትለው ሰማሁ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የማልናገርባቸው ምክንያቶች፦

ብናገር እንደ ክሊኒኩ ይሆናል፤ ሁለተኛ ጊዜ የተባረረች ነርስ ማንም አይቀጥርም።

ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ የሚታደሰው በመዳም ፊርማ ነው።

እትዬ አልጋነሽን ፖሊስ ቢወስዳት እናገራለሁ። እስኪወስዳት ልጠብቅ?

መዳም ሱዓድ ለአባቷ ልብሱን ገዛች፣ አልጋውን ገዛች፣ እኔን ቀጠረች። አንድ ቀን አጠገባቸው ቁጭ ብላ አንድ ቀልድ አልሰማችም። እኔን ለመጠየቅ ምን መብት አላት?

ይህ የመጨረሻው ግን ምክንያት አይደለም። ንዴት ነው። ንዴቴ ብዙ ነገር ተሸክሞልኛል፣ ይህን ግን አይችልም።

ማክሰኞ ዕለት የሆነውን በሙሉ አልጻፍኩትም። ፈርቼ ነው። አሁን እጽፋለሁ።

እኔና ዐሚ ሥርዓት ነበረን። ማንኪያ አፋቸው ሲገባ ድምፁን አቆመዋለሁ። ይውጣሉ። አፋቸውን ከፍተው ያሳዩኛል። እከፍተዋለሁ። አንድ ወር ሙሉ አንድም ቀን አልተሳሳትንም፣ ሾርባውንም እስከ መጨረሻው ይጨርሱ ነበር፤ በዝምታ ስመግባቸው ግማሹን ይመልሱት ነበር። ስለዚህ ራሴን ብልህ አድርጌ ቆጥሬ ነበር። ደንቡ ለሰነፎች ነው፣ እኔ ግን አውቃለሁ።

ማክሰኞ የከፈትነው ቀልድ ቴሌቪዥን ስለገዛ ሰውዬ ነው። ሰፈሩ ውስጥ የመጀመሪያውን ቴሌቪዥን ገዛ። ጎረቤት ሁሉ ሊያይ መጣ፣ ዘመድ መጣ፣ የማይታወቅ ሰው ምንጣፍ ይዞ መጣ። ሰውዬው ውኃ ሊያመጣ ወጥቶ ሲመለስ በሩ ተዘግቷል። ያንኳኳል።

"ማነው?"

"ባለቤቱ።"

"ባለቤቱን ቦታ የለም በሉት።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ይህን ክፍል አስቀድሜ አውቀዋለሁ። ማንኪያው አፋቸው ውስጥ ነበር። ጣቴ ማቆሚያው ላይ ነበር። አልተጫንኩትም። ሐጃ ቆይታ ልትመጣ ነው፣ እሷን ቆርጬ ማጣት አልፈለግሁም። ለሳቸው ብዬ አይደለም። ለራሴ። መጣች፣ ሳቀች፣ እሳቸውም ከሷ ጋር።

እኔም እየሳቅሁ ነበር። ስለዚህ ነው ያልለየሁት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 10

ጠዋት ትኩሳቱ ሠላሳ ስምንት ነጥብ ሁለት። ዓይናቸውን ገለጡ። በግራ እጃቸው ጣት በአየር ላይ የሆነ ነገር ተጫኑ። ድምፅ ማጉያዋን ክፈቺ ማለታቸው ነው። አይሆንም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። እንደገና ተጫኑ። ወጥቼ ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።

አንድ ነውር ልጻፍ። ትናንት ዐሚ ተኝተው ሳለ ቀልዶቹን በአንድ ጆሮዬ ከፍቼ ሰማሁ። እነሱን ብጠላቸው ይቀለኝ ነበር፣ ልጠላቸው ፈልጌ ነው የከፈትኩት። ሰውዬው ኮቱን ሰቀለ፣ ኮቱ ወደቀ። ሳቅሁ። ኮሪደር ላይ፣ ኦክስጅን በሚነፋበት በር ፊት። አንዲት አሮጊት ዞር ብላ አየችኝ።

በስምንት ሰዓት እትዬ አልጋነሽ ደወለች። ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር። ያስፈራኝ መረጋጋቷ ነው።

"ከሱዓድ ጋር ተስማማን" አለች።

"በምን?"

"ሰኞ እመለሳለሁ። ሾርባውን ቀምሼ ነው የምልከው። ፊቷ እቀምሳለሁ።"

"ጾም ነው እኮ።"

"እሱንማ እኔ ነኝ የማውቀው። ነገ ለአባ እነግራቸዋለሁ። ቢያወግዙኝም ያውግዙኝ። ሰው አንቄ በጾሜ ከምኮራ፣ ሥጋ በልቼ ባፍር ይሻለኛል።"

"እትዬ..."

"በቃ፣ ኸላስ። ያላ፣ ስልኬ እያለቀ ነው።"

ሃያ ሁለት ሁዳዴ። አንድ ጊዜ ወባ ይዟት ሐኪም ወተት ጠጪ ብሏት ተልባ በጥብጣ የጠጣች ሴት ናት። ሰኞ ያቺ ሴት መዳም ሱዓድ ፊት ቆማ ማንኪያ ትልሳለች፤ እኔ ማቆሚያውን ስላልተጫንኩ።

ሌላ ቀን የለኝም። ነገ ነው።

እሑድ፣ መጋቢት 11

ዛሬ መፃጉዕ ነው። ካህኑ ሠላሳ ስምንት ዓመት አልጋ ላይ ስለነበረው ሕመምተኛ ሰበኩ። ዐሚን እያሰብኩ ስለነበር ግማሹን አልሰማሁም።

ቅዳሴው ሲያልቅ እትዬ አልጋነሽ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ንስሐ አባቷ ልትሄድ ስትል ክንዷን ያዝኩ። ጥላ ያለበት ግድግዳ ሥር አቆምኳት። በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። ሬዲዮውን፣ ማንኪያውን፣ ጣቴን። በአማርኛ ጀምሬ መሐሉን በዐረብኛ ነበር የተናገርኩት፤ አላረመችኝም።



"ሐሙስ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ሎሚውን ስትጨምቂልኝ?"

"አዎ።"

"አራት ቀን ያ ክር ጥርሴ ውስጥ የተሰካ እየመሰለኝ ምራቄን ስውጥ ነበር" አለች። "አራት ቀን። አንቺ ደግሞ የተማርሽ ነሽ።"

ይቅር በይኝ አልኳት።  ክንዷን ከእጄ አላቀቀች፣ በቀስታ፣ እንደማያስፈልግ ዕቃ።

"ለኔ መንገርሽ ለኔ ምን ያደርግልኛል? ሱዓድ አማርኛ አትሰማም፣ ሂጂና በዐረብኛ ንገሪያት። ዛሬ አይደለም፣ ዛሬ ሆስፒታል ዘመድ ሞልቷል፣ ሰው ፊት ስታዋርድሽ ማየት አልፈልግም። ነገ፣ እኔ ወጥ ቤት ከመግባቴ በፊት።"

ከዚያ ወደ ንስሐ አባቷም አልሄደችም። በሩ ላይ ረክሻ፣ ባለ ሦስት እግር ባጃጅ፣ ጠርታ ብቻዋን ገባች። ሁልጊዜ አብረን ነበር የምንሄደው፤ እሷ ከውስጥ፣ እኔ ከዳር፣ ነጠላዋ ጎማ እንዳይነካ እየያዝኩ። ዛሬ ራሷ ሰበሰበችው።

በእግሬ ተመለስኩ። ሙቀቱ ገና በመጋቢት እንዲህ ነው።

ሰኞ፣ መጋቢት 12

በአንድ ሰዓት ሆስፒታል ደረስኩ። መዳም ሱዓድ ብቻዋን ነበረች፣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወንበር ላይ አድርጋ። እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም።

ቆሜ ነገርኳት። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፣ ነርስ ብላ ቀጥራኝ ሸጋላ ስለማለቷም ነበረበት። እሱን ትቼ የሆነውን ብቻ ተናገርኩ። እትዬ አልጋነሽ ምንም አላጠፋችም አልኩ። ሾርባው ልስልስ ነበር፣ እኔ ነኝ ከአፋቸው ያወጣሁት።

"ወረቀቱን ማን ነበር የጻፈው?" አለችኝ።

"እኔ።"

"ጽፈሽ፣ ለጥፈሽ፣ ለኔ አንብበሽልኝ።"

"አዎ።"

"ስድስት ቀን ዝም አልሽ።"

"አዎ።"

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ልትጮህብኝ ነው ብዬ ትከሻዬን አጠንክሬ ጠበቅሁ። ስትናገር ግን ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

"ሲስቅ... ድምፅ አለው? ወይስ ፊቱ ብቻ ነው?"

"ድምፅ አለው።"

"የድሮው ድምፅ?"

የድሮውን አላውቀውም፣ አልኳት። ውጪ አለችኝ።

ኮሪደሩ ላይ አራት ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ እንደሚሄድ ሰው። ለወጥ ቤቱ ስትደውል በበሩ ሰማኋት፤ "አልጋነሽ፣ እንደ ድሮሽ ሥሪው" አለች። ሌላ አላለችም። ይቅርታ የለበትም። ግን "እንደ ድሮሽ" አለች፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በአምስት ሰዓት ሐኪሙ ሲመጣ ተከትዬው ገባሁ፤ ሳንባቸውን አዳመጠ። ዛሬ በአፍ እንሞክር አለ። ሾፌሩ ሾርባውን በቴርሞስ አመጣው። በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር፣ ሁለቴ ተቋጥሮ፣ እትዬ አልጋነሽ እንደምትቋጥረው። ለኔ ሰላምታ አልተላከም። ጠየቅሁት።

ማንኪያውን ላነሣ እጄን ስዘረጋ መዳም ሱዓድ ቀደመችኝ። "ቁሚና አሳዪኝ" አለች።

አሳየኋት። ትራሱን። አገጩን። ማንኪያውን በግራ በኩል። ከፊል ሾርባው አንገታቸው ላይ ፈሰሰ፣ በእጅጌዋ ጠረገችው። ክፍሉ ውስጥ ድምፅ የለም። ዐሚ ኢድሪስ በልጃቸው ትከሻ ላይ አሻግረው እኔን አዩኝ፤ የዓይናቸው ጥግ ተሸበሸበ። አወቅሁት። ስድስት ሳምንት ሙሉ ያን ፊት ለማየት ስለፋ ኖሬአለሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፣ እንዳይስቁ።

ዋጡ። አፋቸውን ከፍተው አሳዩ። ለሷ ነው ያሳዩት።

ስድስት ማንኪያ። በሰባተኛው በቃኝ አሉ።

ልወጣ ስል መዳም ሱዓድ ሳትዞር "ነገ በአንድ ሰዓት" አለችኝ። ለሥራ ይሁን የስንብት ወረቀቴን ልትሰጠኝ፣ አልጠየቅኋትም። ስድስት ማንኪያ ወርዷል፣ ሳልም የለም። ዛሬ ከዚህ በላይ መጠየቅ የኔ አይደለም።